በእጅ የተሠራ ጠመንጃ ቁጥር ሊቀረጽበት ይገባልን?

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

ከፋብሪካ የሚወጣ ጠመንጃ የሠሪውን ስም፥ የሀገሩን ምልክትና የራሱን ቁጥር በብረቱ ላይ ይዞ ይወጣል። በመንደር፥ በብየዳ ቤት ጓሮ ወይም በቀጥቃጭ ወናፍ አጠገብ ተደብቆ የሚሠራው ጠመንጃ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ማን እንደ ሠራው፥ መቼ እንደ ተሠራ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚናገር ነገር በላዩ አይገኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ በመንግሥት እጅ በገባ ጊዜ ቁጥር ሊቀረጽበት ይገባልን? ወይስ ቁጥር መስጠት ሕገ ወጡን ነገር እንደ ማጽደቅ ይቆጠራል? ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ለፖሊስና ለዳኛ ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ፥ ንብረት የሚረከብና የሚያስረክብ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ድርሻ ያለበት መሆኑን ወደ መጨረሻው እናየዋለን። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለው ከፍተኛ ደጋ ላይ የሚገኝ፥ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ሐይቁና በደሴቱ ላይ ባለው የቂርቆስ ገዳም የታወቀ ሀገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ብሎ ከሰየማቸው የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። የአካባቢው ሰው ፈረሱን እያከራየና መንገድ እየመራ ከእንግዳ ገንዘብ ያገኛል። እንግዳ የሚመጣው ሰላም ወዳለበት ስለሆነ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሰማ አንድ ተኩስ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ይነካል።

እንበልና ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሰው ሲመሽ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ በገደል ሥር በእጅ የተሠራ ጠመንጃ ተገኘ፤ አንድ ተጠርጣሪም ተያዘ። መሣሪያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወስዶ በኤግዚቢት ክፍል ተቀመጠ። በዚያው ክፍል ግን ቀደም ብለው የተያዙ ሁለት የእጅ ሥራ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አፈሙዛቸው ከቧንቧ፥ ሰደፋቸው ካልተላገ እንጨት የሆነ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ የተከሳሹ ጠበቃ መርማሪውን፥ «በገደሉ ሥር ያገኘኸው ይህ መሆኑን በምን ለየኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። መርማሪው እውነተኛ ሰው ስለሆነ፥ «ይመስለኛል» ከማለት በቀር መልስ የለውም። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ወይ ነፍሰ ገዳይ በነጻ ይወጣል፥ ወይ ንጹሕ ሰው በሌላ ጠመንጃ ወንጀል ይፈረድበታል። ይህ በምሳሌ የቀረበ እንጂ በእገሌ ላይ የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን መለያ የሌለው ዕቃ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ክፍል በተቀመጠ ጊዜ ሊደርስ የሚችለውን ያሳያል።

እንግዲህ ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። የመኪናን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ታርጋ አለው፤ ታርጋው ቢነቀል በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተመታ ቁጥር አለው፤ ይህም ቁጥር በሊብሬው ላይ ተጽፎ በመንግሥት መዝገብ ይገኛል። መኪናው በተሰረቀ ጊዜ ባለቤቱን የሚረዳው በብረቱ ላይ የተቀረጸው አኃዝ ብቻውን አይደለም። አኃዙ፥ ሊብሬውና መዝገቡ ሦስቱ ሲስማሙ ነው። ሊብሬና መዝገብ ባይኖሩ ኖሮ የሻንሲው ቁጥር በብረት ላይ ያለ ጭረት ሆኖ በቀረ ነበር። የጠመንጃም ቁጥር እንዲሁ ነው።

የሀገራችን ሰው ጠመንጃን በሠሪው ስም መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። ሰናድር፥ ውጅግራ፥ አልቢን፥ ለበን፥ ምንሽር እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የውጭ ሀገር ሠሪዎች ስሞች በአማርኛ አንደበት ተለውጠው የቀሩ ናቸው። ቤልጅግም የሚባለው በመጣበት በቤልጅግ ሀገር ስም የተጠራ ነው። ስለዚህ መሣሪያን ከምንጩ ጋር አያይዞ መለየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠመንጃውን ሲጠሩት ከየት እንደ መጣ አብሮ ይሰማ ነበር። የእጅ ሥራው ጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም።

መሣሪያን በሀገር ውስጥ የመሥራቱም ምኞት የቆየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አሠርተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሀገራችንን በወረረ ጊዜ በወሊሶ በኩል እነ ገረሱ ዱኪ፥ በጊንጪ በኩል እነ ጃገማ ኬሎ ሲዋጉ ከጠላት የማረኩትን መሣሪያ መልሰው በጠላት ላይ ያዞሩ ነበር። ዛሬም በመንግሥት ሥር የሚገኘው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ በዚሁ በአምቦ አካባቢ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ጥይት ቀልሃው ከበስተ ኋላ ምልክት ስለሚመታበት፥ ከተተኮሰ በኋላ እንኳ ወድቆ ሲገኝ የመጣበትን ፋብሪካ ሊናገር ይችላል። እንግዲህ በአንድ አውራጃ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ልብ በሉ፤ የአንዱ ቀልሃ እንኳ ሲናገር የሌላው ጠመንጃ ሙሉ አካሉ ዝም ይላል።

ይህን ስንል ቀጥቃጩን ለማማት አይደለም። ማረሻ የሚያስል፥ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራ፥ ለወንጪ ፈረስ ልጓም የሚያበጅ ሰው ለሀገር አስፈላጊ ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብና ማዋረድ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ያስነገሩት ይህን ተመልክተው ነው። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ጠመንጃ በተገኘ ቁጥር በአካባቢው ያለውን ብረት ሠሪ ሁሉ መጠርጠር ግፍ ከመሆኑም በላይ፥ ለመንግሥት እውነቱን ሊነግር የሚችለውን ሰው ማስኮረፍ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ የጦር መሣሪያ መሥራትን፥ ማስገባትን፥ መደበቅንና ለሽያጭ ማቅረብን በወንጀልነት ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚመራ አድርጎ የመቆጣጠሩን ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ከሀገር ውጭ ያለውንም ብናይ፥ በ1993 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ሲሠራ ምልክት ያልተደረገበትን መሣሪያ በዚህ ምክንያት ብቻ ሕገ ወጥ ሥራ ይለዋል። ኢትዮጵያ የፈረመችው የ1996 ዓ.ም. የናይሮቢ ፕሮቶኮልም መሣሪያ ሲሠራ ቁጥርና የሠሪ ምልክት እንዲኖረው ያዝዛል። ለዛሬው ጥያቄያችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የክትትል ሰነድ ነው። ይኸውም አንድ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ ያገኘውን ሕገ ወጥ ቀላል መሣሪያ ሁሉ ሳይዘገይ ወይ የራሱ የሆነ ምልክት አድርጎበት በመዝገብ እንዲጽፈው፥ ወይ እንዲያጠፋው ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ የሚነሡትን መቃወሚያዎች አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛው መቃወሚያ፥ «ቁጥር መስጠት ፈቃድ መስጠት ነው» የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። አንድ ገበሬ ጎረቤቱ በጓሮ ያሠራው ጠመንጃ ቁጥር ተመትቶበት ሲመለስለት ቢያይ፥ እሱም ነገ ማሠራቱ አይቀርም። ስለሆነም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የፈቃድ ቁጥር ነው፤ ይህ ለያዡ መብት ይሰጣል። ሁለተኛው የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ይህ ለማንም መብት አይሰጥም፥ ዕቃውን ከሌላ ዕቃ ይለያል እንጂ። ሬሳ በሆስፒታል ቁጥር ቢሰጠው ሞት ተፈቀደ አያሰኝም። የተያዘ ጠመንጃ የመዝገብ ቁጥር ያገኛል፤ ወደ ያዘው ሰው ግን በዚህ ምክንያት አይመለስም።

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ «ወንጀለኛ በሠራው መሣሪያ ላይ ቁጥር አይቀርጽም» ይላል። ይህ እውነት ነው። በአሜሪካ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ሁሉ ቁጥር እንዲቀርጽ በሕግ ተወስኗል። ነገር ግን ሰው በቤቱ ለራሱ በሚሠራው መሣሪያ ላይ ግዴታው ስላልደረሰ፥ ቁጥር የሌላቸው መሣሪያዎች በዝተው «የመናፍስት ጠመንጃ» የሚል ስም ወጣላቸው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በቤቱ መሣሪያ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከመንግሥት ቁጥር እንዲጠይቅ አደረገች። የአሜሪካ መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. ተገጣጥመው መሣሪያ የሚሆኑ ዕቃዎችን የሚሸጡ ሰዎች ቁጥር እንዲቀርጹ ደንብ አወጣ፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ደንቡን አጸና። ክፉ የሚያስብ ሰው ቁጥር ለመጠየቅ ወደ መንግሥት ቢሮ እንደማይሄድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቁጥር ግዴታ በሆነበት ሀገር የቁጥሩ አለመኖር ራሱ ምስክር ይሆናል፤ ፖሊስም ባዶውን መሣሪያ የያዘውን ሰው ለመጠየቅ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

በዚሁ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በሐምሌ ወር፥ መሣሪያን እጅግ በጥብቅ በምትቆጣጠረው በጃፓን የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በአደባባይ ንግግር ሲያደርጉ በእጅ በተሠራ መሣሪያ ተገደሉ። ይህ የሚያስተምረን የቁጥርን ወሰን ነው። ቁጥር አስቀድሞ የክፉን ሰው እጅ አይዝም። ጥቅሙ ከተያዘ በኋላ ላለው ምርመራና ፍርድ፥ እንዲሁም መሣሪያው ከመንግሥት እጅ ተመልሶ እንዳይወጣ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ፥ «ቁጥር ይፋቃል፥ ይመሳሰላል» የሚል ነው። በፓኪስታን ዳራ አደም ኬል በምትባል ከተማ ያሉ ብረት ሠሪዎች የእንግሊዝን ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በላይ ሲገለብጡ ኖረዋል። ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን በላዩ የተመታውን ማኅተም ጭምር ስለሚገለብጡ፥ አንዳንዴ የእንግሊዝኛው ፊደል ተዛብቶና ተገልብጦ ይገኛል። ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ በስተ ኋላ ግን መዝገብ የለም። ይህ ምሳሌ ቀደም ብለን ያልነውን ያጸናልናል፤ ብረት ላይ ያለው አኃዝ የሚታመነው መዝገቡ ሲመሰክርለት ነው። ስለ መፋቅ ደግሞ፥ ተመትቶ የገባ ቁጥር ከላይ ቢፋቅ እንኳ ከሥሩ ያለው ብረት የተጨመቀ ስለሆነ በምርመራ ቤት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል።

አራተኛውና ብርቱው መቃወሚያ የደኅንነት ነው። በእጅ የተሠራ ጠመንጃ አፈሙዙ የጥይትን ኃይል ይችል እንደሆነ ማንም አልፈተነውም። ሲተኮስም የተኳሹን እጅና ዐይን ሊጎዳ ይችላል። መንግሥት ቁጥር መትቶ ቢመልሰው ደኅና ነው ብሎ የመሰከረ ይመስላል። በዚህ መቃወሚያ እንስማማለን፤ ስለዚህም ነው የመዝገብ ቁጥር የተሰጠው የእጅ ሥራ ጠመንጃ ወደ ማንም ቤት መመለስ የለበትም የምንለው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ለፍርድ ይቀመጥ፤ ካለቀ በኋላ ይጥፋ፤ መጥፋቱም በዚያው ቁጥር አንጻር ይጻፍ።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። አዲስ የእጅ ሥራ ጠመንጃ እንዲሠራ በቁጥር በኩል በር መክፈት አይገባም። ነገር ግን የተያዘው፥ የተገኘው ወይም በፈቃድ የተመለሰው ሁሉ በመንግሥት እጅ በገባበት ቀን የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የሚጠፋውም ቢሆን ከመጥፋቱ በፊት ይመዝገብ። «ነገ ስለሚቀልጥ መጻፍ አያስፈልግም» የሚል ሰው፥ መሣሪያው ነገ ሳይቀልጥ ወደ ገበያ ቢመለስ የሚጠየቅበትን ማስረጃ ዛሬ አጥፍቷል።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያው በተያዘ ጊዜ ወዲያው መዶሻ ማንሣት ስሕተት ነው። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጥ፤ ቁጥሩ በታሸገ ካርድ ላይ ተጽፎ ይታሰርበት፤ የጣት አሻራና የጥይት ምርመራው ይፈጸም። በብረቱ ላይ መምታቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ ሰነድ ምልክቱ በግልጽ ቦታ፥ ያለ መሣሪያ እርዳታ በዐይን የሚነበብና የማይጠፋ እንዲሆን፥ በመሣሪያውም ዋና አካል ላይ እንዲደረግ ይመክራል። የእጅ ሥራ ጠመንጃ እንደ ፋብሪካው የተለየ ዋና አካል ላይኖረው ስለሚችል፥ አንዱ ቁጥር በየብረት ክፍሉ ላይ ቢደጋገም ይሻላል፤ እንጨቱ ይለወጣልና በእርሱ መታመን አይገባም። ባዶ ድምፅ ለማሰማት ከተሠራ በኋላ ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠ ሽጉጥ ሲገኝ ደግሞ የፋብሪካው ቁጥር ካለበት እርሱም ሳይነካ በመዝገቡ ይጻፍ፤ የመጣበትን መንገድ ሊያመለክት የሚችለው እርሱ ነውና።

መዝገቡም የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፤ ከቶ የማይደገም ቁጥር፥ የተገኘበት ቀበሌና ወረዳ፥ ቀኑ፥ ያስረከበውና የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ፥ የመሣሪያው ርዝመትና የአፉ ስፋት፥ የብየዳውና የሞረዱ አሠራር፥ ፎቶግራፉ፥ ከዚያም በኋላ ከክፍል ወደ ክፍል የተዘዋወረበት ሁሉ። የአሠራሩን ዝርዝር መጻፍ ትርፍ ሥራ አይደለም። በመንግሥት የተሰጠ ቁጥር ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን እንጂ ወደ ኋላ ያለውን አይነግርም። ነገር ግን በጊንጪ፥ በጉደርና በጌዶ የተያዙ ጠመንጃዎች በአንድ ዓይነት ብየዳ የተሠሩ መሆናቸው በመዝገብ ጎን ለጎን ሲታይ፥ ሦስት የተለያዩ የሚመስሉ ጉዳዮች ወደ አንድ ሠሪ ቤት ሊመሩ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን መርማሪው የመንደሩን ቀጥቃጮች ሁሉ ማስጨነቅ አያስፈልገውም።

በእኛ ሀገር በተለይ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ቢሮ በኢትዮጵያ፥ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ቢጽፍ በሁለቱ መዝገቦች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ አንዱ ጠመንጃም ሁለት ይመስላል። ሁለተኛው ፊደል ነው። በኦሮሚያ ያሉ ቢሮዎች በቁቤ፥ የፌዴራሉ ቢሮዎች በአማርኛ ስለሚጽፉ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቀበሌ ስም በሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ መለያው በስም ላይ ሳይመሠረት ሁሉም በአንድ መልክ በሚያነበው አኃዝ ቢሆን ይመረጣል።

ክቡራን አንባብያን፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ባለፉት ዓመታት ምዕራብ ሸዋ በታጠቁ ወገኖች ግጭት ብዙ ተጎድቷል፤ ከእንዲህ ያለ ዘመን በኋላ በየቦታው መሣሪያ መሰብሰቡ አይቀርም። የተሰበሰበው መሣሪያ እውነት ተሰብስቦ መቅረቱን የሚያረጋግጠው ያስረካቢው መሐላ ሳይሆን የተረካቢው መዝገብ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ አንድ ወንበር ወይም አንድ የጽሕፈት መኪና በሞዴል 19 ገቢ ሳታደርጉ አትረከቡም፤ በሞዴል 22 ወጪ ሳታደርጉም አታስረክቡም። ለወንበር የሚደረገው ጥንቃቄ ሰው ሊገድል ለሚችል ብረት ሊጓደል አይገባም። በምሳሌው ያየነው መርማሪ በችሎት ፊት ቆሞ «ይመስለኛል» ከማለት የሚድነው፥ መሣሪያው በገባበት ቀን አንድ ጸሐፊ ቁጥሩን፥ ቀኑንና ፊርማውን ሳይታክት ጽፎ እንደ ሆነ ብቻ ነው።